የድንኳን ቤተ መንግሥት በልጆች እጅ

ቤተ መንግሥት ሲባል ለብዙ ተማሪ ቶሎ የሚታየው የጎንደር ግንብ ነው። ግንቡ ግን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ከሚመላለስባቸው አገሮች ዋነኛው ደግሞ ዛሬ ቦረናን፣ ሳይንትንና መቅደላን የምናገኝበት የጥንቱ ቤተ አምሐራ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው በእደ ማርያም (1460–1470 ዓ.ም.) ግን ወደ ተንቀሳቃሹ ሰፈር ተመለሱ፤ አትሮንሰ ማርያምንም በዚሁ በቤተ አምሐራ አሠሩ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. በጦርነት ሲወድቁ የተቀበሩት ሳይንት፣ ተድባበ ማርያም ነው። የዚህ ደጋ ታሪክ በድንጋይ ግንብ ስላልቆመ የቦረናዋ ከተማ የመካነ ሰላም ልጅ ዐይቶ ሊማረው አይችልም። ሠርቶ ግን ሊማረው ይችላል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው።

የሚሠራበት መረጃ ሞልቷል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደርሶ ስድስት ዓመት ያህል በአገሩ ቆይቷል። ከጻፈው የምንረዳው ሰፈሩ ዝም ብሎ የተከማቸ የድንኳን ብዛት እንዳልነበረ ነው። የንጉሡ ድንኳን ሲተከል መኳንንቱም ሆኑ ሠራዊቱ፣ ቀኝም ሆነ ግራ፣ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል። ዳኞች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ገበያውና አንጥረኞቹ ሳይቀሩ የታወቀ ስፍራ አላቸው፤ ሰፈሩ ሲነሣ ታቦታቱ በካህናት ትከሻ አብረው ይጓዛሉ። በግዕዝ የተጻፈው ሥርዐተ ግብርም ለየሹመቱ የሚደርሰውን እንጀራ፣ ሥጋና መጠጥ ይዘረዝራል። ሥልጣን በዚያ ዘመን ከንጉሡ ምን ያህል ርቀህ ትተክላለህ፣ በማዕዱ ላይስ ምን ይደርስሃል በሚሉት ይለካ ነበር። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው። የትምህርት ቤቱን ሜዳ በእርምጃ ለክቶ በጭራሮና በቁራጭ ጨርቅ ሰፈሩን እንዲተክል ቢታዘዝ ግን መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የእኔ ድንኳን የት ነው?» የሚል ነው። የታሪክ ምሁራን የሚመራመሩበትም ጥያቄ ይኸው ነው።

ይህ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም፣ ልጁ የሌለ ነገር ፈጥሮ እውነት ያደርገዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ሥራውን ማስቀረት ሳይሆን ደንብ ማበጀት ነው። ልጁ ለሚተክለው ለእያንዳንዱ ነገር «ማን አየው? ማን ጻፈው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በግምት የጨመረውን በሌላ ቀለም ይለይ። የነገሥታትን ስምና ዘመን በቃል ያጠና ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም፤ ስለዚህ ተረትን ከማስረጃ የመለየት ልማዱ የሚዳብረው ሠርቶ በተማረው ልጅ ዘንድ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የነገሥታት ታሪክ ገዢን ያወድሳል፣ ገበሬውን ይረሳል የሚለው ነው። በስም ዝርዝር ሲማሩት እውነት ነው፤ ሰፈሩን ሲሠሩት ግን ገበሬውን መርሳት አይቻልም። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እንጨቱ፣ ውሃው፣ እህሉና የበቅሎው ገፈራ ከየት መጣ? ልጆቹ ይህን ሲያሰሉ ሰፈሩ አንድ ቦታ ብዙ የማይቆየው ያገሩ ስንቅና ማገዶ ስለሚያልቅ ጭምር መሆኑን፣ የሸክሙም ባለቤት ባላገሩ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። እንስራ ተሸካሚዋና ጭነት ነጂው ከጭቃ ተሠርተው ካልገቡ ሰፈሩ አይንቀሳቀስም።

ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚማሩበት ወሎ የግራኝ አህመድን ዘመን ማንሣት ቁስል ይነካል የሚሉም አሉ። በ1524 ዓ.ም. የግራኝ ሠራዊት የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አቃጥሏል፤ ይህ አይደበቅም። ነገር ግን የዚያን ቤተ ክርስቲያን የወርቅና የብር ጌጥ በአድናቆት መዝግቦ ያቆየልን የኢማሙ የግራኝ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ነው። አንድን ሕንፃ ባጠፋው ወገን ጸሐፊ ዐይን አይቶ መሣል ልጆቹን ሁለቱንም ወገን ማዳመጥ ያስተምራል። መቅደላም እንዲሁ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎችም ተጓዙ። የልዑሉ እኩያ የሆነ ተማሪ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ወይም የተወሰደውን ቅርስ ዝርዝር በሥዕል እንዲያዘጋጅ ከማዘዝ የቀረበ መግቢያ የለም።

ወጪው አያሠጋም፤ ጭቃው፣ ጭራሮውና ሜዳው በእጅ ያሉ ናቸው። የሚያስፈልገው መምህሩ ምንጮቹን በአማርኛ፣ ለልጅ በሚመጥን አጭር ቅጂ ማግኘቱ ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ቢያዘጋጁ የቦረናና የሳይንት ልጅ ታሪክ በሩቅ ግንብ የተሠራ የሌላ አገር ነገር አለመሆኑን፣ የቆመበት ደጋ ራሱ የመንግሥት መቀመጫ እንደነበር በማስረጃ መናገር ይችላል።