ሙሳፊር ሲታመም ማን ይከፍላል? ከዑስማን ኢብኑ መዝዑን እስከ ዛሬው ቪዛ



ባለፈው ዓመት አንድ ጁሙዓ፣ ከሰላት በኋላ እዚህ ቡሹሎ በመስጂዳችን በር ላይ ፎጣ አንጥፈን ቆመን ነበር። አንድ የሰፈራችን አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ አንድ ዓረብ አገር ሄደው፣ በሁለተኛው ሳምንት ስኳራቸው ተነሥቶ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ አክመዋቸው ዳኑ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የጤና መድን አልነበራቸውም። ሒሳቡ ሲመጣ ልጃቸው ከሚችለው በላይ ሆነ። እኛም ፎጣው ላይ ያገኘነው ብር ወደዚያ አገር ገንዘብ ሲመነዘር በጣም ትንሽ ሆነብን።

ገንዘቡን ስንቆጥር አንድ ወጣት እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ዲናችን ለሙሳፊር ይህን ያህል ያዝናል እያላችሁ ታስተምሩናላችሁ። ታዲያ የታመመ እንግዳ በሙስሊም አገር እንዴት ይህን ሁሉ ይጠየቃል?» ያኔ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ከታሪካችን ልመልስለት።

ከዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) እንጀምር። እኚህ ሶሓባ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አገራችን ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች አንዱ ናቸው። በኋላም ወደ መዲና ሂጅራ አደረጉ። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ አንሷሮች ማን ማንን እንደሚያስተናግድ ዕጣ ተጣጣሉ። ዑስማን ለኡሙል ዐላእ (ረ.ዐ) ቤተሰብ ደረሱ። እዚያው እንዳሉ ታመሙ። ቤተሰቡም ዱንያን እስኪሰናበቱ ድረስ አስታመማቸው። ይህን ራሷ ኡሙል ዐላእ ተናግራ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ልብ በሉ! ዑስማን ከመታመማቸው በፊት የማን ኃላፊነት እንደሆኑ ተወስኖ ነበር። የታመመው እንግዳ በር እያንኳኳ ለመለመን አልተገደደም።

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ሲቆስሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂዳቸው ግቢ ድንኳን አስተክለውላቸው በቅርብ ይጠይቋቸው ነበር። ቁስለኞችን በማከም የምትታወቀው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) የምትነሣው ከዚህ ታሪክ ጋር ነው። መስጂድ የሚሰገድበት ብቻ ሳይሆን የታመመ የሚታሰብበት ቦታም ነበር።

ከዘመናት በኋላ ሙስሊሞች ሲበዙ፣ ከተሞችም ሲሰፉ፣ የአንድ ቤተሰብ ደግነት ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ቢማሪስታን የሚባሉ ሆስፒታሎች ተቋቋሙ። ሡልጣን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 ገደማ ደማስቆ ላይ ያቋቋመው ሆስፒታል አንዱ ነው። ከአንደሉስ ለሐጅ ወጥቶ በ1184 ደማስቆ የደረሰው ኢብኑ ጁበይር ያየውን ጽፏል። የሆስፒታሉ ወጪ በቀን ወደ 15 ዲናር ነበር። ሠራተኞቹም የሕሙማኑን ስምና ለመድኃኒትና ለምግብ የሚያስፈልጋቸውን ወጪ በመዝገብ ይይዙ ነበር።

ይህ ሆስፒታል ሌላ ሆስፒታል ወለደ። ገና አሚር የነበረው ቀላውን በሶሪያ ዘመቻ ላይ እያለ ታመመ። መድኃኒት የመጣለት ከኑረዲን ሆስፒታል ነበር። ሲድን «አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እንዲህ ያለ ሆስፒታል አሠራለሁ» ብሎ ተሳለ። ሡልጣን ከሆነ በኋላም በ1284 (683 ሂጅሪ) ካይሮ ላይ ስለቱን አደረሰ። ሆስፒታሉ ለሀብታምና ለድሃ፣ ለወንድና ለሴት፣ ለአገሬውና ለመንገደኛ ክፍት እንዲሆን በወቅፍ ሰነድ ተጻፈ። በዚያችው ከተማ፣ በአል-አዝሀር መስጂድ ከሐበሻ ምድር ለሚሄዱ ደረሶች «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። የግብፅ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የተገኘው ይህን ማደሪያ በአለቅነት ሲመራ ከኖረ ቤተሰብ ነው።

ኢስታንቡል ላይ ደግሞ የሡልጣኑ እናት በዝሚዓለም በ1845 ሆስፒታል አቋቋመች። ስሙ «ጉረባ» ተባለ፤ የባይተዋሮችና የድሆች ሆስፒታል ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ መልሱ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ቤቶች የታከመ እንግዳ ከኪሱ አልከፈለም እንጂ ሕክምናው ያለ ክፍያ አልተሰጠም። የሱቁ ኪራይ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ገቢ፣ የእርሻው ምርት ገና ሳይታመም ወቅፍ ተደርጎ ተቀምጦለት ነበር። ሐኪሙ ደመወዙን፣ ቀማሚው የመድኃኒቱን ዋጋ ከዚያ ያገኙ ነበር። እኛ ፎጣ ያነጠፍነው ሰውዬው ከታመሙ በኋላ ነው። እነሱ ግን አስቀድመው አነጠፉ። ልዩነታችን ይኸው ነው። በሰፈራችን ያለው የካቶሊክ ጤና ጣቢያ ከገጠር የሚመጡ እናቶችን ሲቀበል ሁላችንም እናያለን። እሱም ቢሆን አስቀድሞ ባሰቡ ሰዎች የቆመ ነው። እኛም ከዚህ መማር አለብን።

ዛሬስ? የሳዑዲ መንግሥት በሐጅ ወቅት ሑጃጆችን በነፃ ያክማል። ሆስፒታል የተኙትንም በአምቡላንስ ዐረፋ ያደርሳል። የዑምራ ቪዛ ክፍያም የጤና መድንን ይጨምራል። የአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ካልቀረበ አይሰጥም። ሌሎች ብዙ አገሮች ግን ሳይጠይቁ ያስገባሉ። ችግሩ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ቀበሌ ላይ የምናዋጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ድንበር ከተሻገርን በኋላ አያገለግልም።

«ኢንሹራንስ ሐራም ነው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋም አለ። የጂዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 የወሰነው እንዲህ ነው፦ የንግድ ኢንሹራንስ ገረር ስላለበት ከለከለ፤ በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመውን ግን ፈቀደ። አገሩ ቪዛ ለመስጠት የሚያስገድደውን በተመለከተ የምታምኗቸውን ዑለማዎች ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ግን አትሂዱ።

እናትና አባታችሁን ስትልኩ ሦስት ነገር አትርሱ። ቪዛው መድን እንዳለው፣ ካለውም የቆየ በሽታን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ድንገተኛ ሕመምን ብቻ ይሸፍናሉ። መድኃኒታቸውን ለቆይታቸው በሚበቃ መጠን፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር አስይዟቸው። ችግር ከመጣም ዕዳው ሳይቆለል ለሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍልና ለቆንስላችን ቶሎ አሳውቁ።

ለጀመዓችን ደግሞ ይህን እላለሁ። ኢብኑ ሰቢል፣ መንገድ ላይ የተቸገረ መንገደኛ፣ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ነው። አንድ ሱቅ እንኳ ወቅፍ አድርገን ኪራዩን ለታመመ ሙሳፊር ብናስቀምጥ፣ ነገ የአንዱ አባት ስልክ ሲደወል ፎጣ ፍለጋ አንሮጥም። ኡሙል ዐላእ እንግዳዋን የተቀበለችው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽር፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።