ከሰረገላ ሠሪው እስከ ጎሚስታው

የለመደ ጎሚስታ የተበላ ጎማ ሲመጣለት ከዓይኑ በፊት መዳፉን ነው የሚያሳርፍበት። ጥርሱን ከውጭ ወደ ውስጥ ሲዳብሰው ልስልስ ብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመልሰው ግን እንደ መጋዝ እጁን ከያዘው፣ የፊት ጎማዎቹ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ዞረው እንደከረሙ ያውቃል። እጅ የሚይዝ ነገር ሳይኖር አንዱ ጠርዝ ብቻ ሙልጭ ካለ፣ ጎማው ወደዚያ ወገን አጋድሏል። ሁለቱም ትከሻዎች ካለቁ ንፋስ አንሶታል፤ መሐሉ ካለቀ ደግሞ በዝቶበታል።

ብዙ አሽከርካሪ የማያውቀው፣ የፊት ጎማዎች ሁልጊዜ ፍጹም ትይዩ እንዲሆኑ አለመፈለጉን ነው። በኋላ ጎማቸው የሚገፉ ብዙ መኪኖች ቆመው ሲለኩ ጎማዎቹ ከፊት በኩል በጥቂት ሚሊሜትር ይቀራረባሉ። ጉዞ ሲጀመር መንገዱ ወደ ኋላ ስለሚይዛቸው ይከፈቱና ቀጥ ይላሉ። ይህ ብልሃት ከመኪና በፊት የነበረ ነው። የአውሮፓ ጋሪ ሠሪዎች መንኮራኩሩን እንደ ዝርግ ሳህን ጎድጎድ አድርገው ይሠሩት ነበር፤ ሸክሙን የተሸከመው የታችኛው እንጨት ቀጥ ብሎ እንዲቆምም የአክስሉን ጫፍ ወደ ታች ያጎብጡታል። ያጋደለ መንኮራኩር ግን ወደ ውጭ ማምለጥ ይወዳል። ስለዚህ ያንኑ ጫፍ በትንሹ ወደ ፊት ቆልመም በማድረግ ይመልሱታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በእጅና በዓይን ልክ ነበር።

ትልቁ ችግር መታጠፉ ላይ ነበር። የሰረገላ የፊት አክስል መሐሉ ላይ በተተከለ አንድ ፔርኖ (መዞሪያ ብረት) እንዳለ ይዞራል፤ ጠበብ ባለ መታጠፊያ ሰረገላው መደገፊያ አጥቶ ሊገለበጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1816 የሙኒኩ ሰረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር አክስሉ ባለበት ቆሞ እያንዳንዱ መንኮራኩር በራሱ ፔርኖ ላይ እንዲዞር አደረገ። በ1818 ለንደን ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበር፤ ሥራው መጻሕፍትና ሥዕል ማሳተም ነበር። ዛሬ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ስሙ የሚጠራው ግን የአሳታሚው እንጂ የሰረገላ ሠሪው አይደለም። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የለንደን ሰረገላ ሠሪዎችም ነገሩን ችላ አሉት። ከብዙ ዓመታት በኋላም ካርል ቤንዝ በ1886 ያስመዘገበው መኪና ባለ ሦስት ጎማ የሆነው ሁለት የፊት ጎማዎችን በአንድነት በአግባቡ የሚያዞርበት መላ ስላላገኘ ነበር። በ1893 እያንዳንዱን የፊት ጎማ በራሱ ፔርኖ የሚያዞር መሪ አስመዝግቦ ባለ አራት ጎማዋን ቪክቶሪያ ሠራ።

የመንኮራኩርን መዛነፍ ያጋለጠው ግን ንፋስ ያለበት ጎማ ነው። ብረት የለበሰ መንኮራኩር ቢዛነፍ ፈረሱ ትንሽ ይደክማል እንጂ ማንም ልብ አይለውም። ደንሎፕ በ1888 ንፋስ ያለበትን ጎማ ካስመዘገበ፣ የሚሽላን ወንድማማቾችም በ1895 በፓሪስ–ቦርዶ ውድድር መኪና ላይ አስረው ከነዱት በኋላ ግን መዛነፍ ገንዘብ ያስወጣ ጀመር። ስሌቱ ቀላል ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ በያንዳንዱ ወገን በ1.5 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ጎማው ሊሄድ የሚፈልገው መስመርና መኪናው የሚሄድበት መስመር በየ1 ኪሎ ሜትሩ በ2.5 ሜትር ይለያያሉ። ልዩነቱን የሚከፍለው ጥርሱ ነው።

በ1920ዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ለምቾት ሲባል ንፋሳቸው የቀነሰ ወፋፍራም ጎማዎች ወጡ፤ ከፊት ጎማ ጋርም ከባድ ፍሬን ታሰረ። በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙት የፊት ጎማዎች ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገቡ፣ መሪውን ከእጅ ሊነጥቁ ይደርሱ ነበር። ከሮልስ ሮይስ ወደ ጀነራል ሞተርስ የተሻገረው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ መፍትሔው ሁለቱን ጎማዎች ማለያየት መሆኑን አሳየ፤ በኩባንያው የ1934 ሞዴሎችም ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ድፍኑ አክስል ሲቀር ግን የጎማውን አቋቋም የሚወስኑት ብዙ መገጣጠሚያዎች ሆኑ፤ አንዱ በላላ ቁጥር ልኩ ይዛባል። አላይመንት፣ ማለትም የጎማን አቋቋም ለክቶ ማስተካከል፣ ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ካገዙት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

 ካሜራና ኮምፒውተር ከመምጣታቸው በፊት ልኩ የሚወሰደው በጠመኔና በሚስማር ነበር። ጎማው በክሪክ ይነሳና እየተሽከረከረ ጠመኔ ይቀባል፤ ሚስማር ተይዞበት ቀጭን መስመር ይጫርበታል። ከዚያ መኪናው ወርዶ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በፊትም በኋላም በአክስሉ ቁመት ይለካል። የሁለቱ ልዩነት መልሱ ነው። ዛሬ ማሽኑ ያንኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያነባል፤ ጎበዝ ባለሙያ ግን ወደ ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ጎማውን በክሪክ አንስቶ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ የሆነው ቴስቲና ቋ ቋ ካለ ልኬቱ ለነገ ይቆያል፤ መጀመሪያ ቴስቲናው ይቀየራል።