ዓለማያ፤ ሦስት ሥራ በአንድ እጅ



ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር በመኪና የወጣ ሰው ሁሉ ዓለማያን ያውቃታል። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት የሚገኘው ከአዲስ አበባ 510 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ በዚያች ከተማ አቅራቢያ ነው። የአመሠራረቱን ታሪክ ልናቀርብላችሁ የወደድነው፤ ለመሥሪያ ቤት ሰው በተለይ የሚነካው ጉዳይ ስላለበት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1942 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የኦክላሆማውን የመሰለ ኮሌጅ በአገራቸው እንዲቋቋም ፈቃዳቸው መሆኑን ገለጹላቸው። ዶክተር ቤኔት ከዚያ በኋላ «ፖይንት ፎር» የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ነገር ግን በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ውሉ የተፈረመው ከጥቂት ወራት በኋላ በግንቦት ነው፤ ያሰቡትን ለማየት አልታደሉም።

የኦክላሆማውን የመሰለ ማለት ምን ማለት ነው? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለየግዛቱ መሬት ሰጥቶ፤ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ እርሻና የእጅ ጥበብ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲቆም አድርጎ ነበር። እነዚህ ኮሌጆች ከጊዜ በኋላ ሦስት ሥራ በአንድነት ያዙ፤ ይኸውም ማስተማር፤ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት እስከ ገበሬው ደጅ ማድረስ ነው። ሦስተኛው ኤክስቴንሽን ይባላል። መምህሩ በክፍል ያስተማረውን በማሳ ይፈትናል፤ የገበሬው ጥያቄ ደግሞ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። የዕቅዱ ብርታት ሁሉ በዚህ መመላለስ ላይ ነበረ።

የዓለማያው ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ ትምህርቱ የተጀመረው በጅማ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ኮሌጁ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። ምርምሩም በዓለማያ ብቻ አልተወሰነም፤ የደብረ ዘይት የእርሻ ጣቢያ የኮሌጁ ክፍል ነበረ። በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው የተሰጠው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ የዚያ ጣቢያ ፍሬ ነው፤ እንግዲህ በየማዕዳችን የሚቀርበው እንጀራ ከዚህ ታሪክ ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው።

ሦስቱ ሥራዎች ግን አብረው አልቆዩም። በ1955 ዓ.ም. ኤክስቴንሽኑ ከኮሌጁ ወጥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ለዚህ ምክንያት አልታጣም፤ በአንድ ማዕዘን ያለ ኮሌጅ አገሩን ሁሉ ሊያዳርስ እንደማይችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ፤ በአንድ ግቢ በቃል ይፈጸም የነበረው ጉዳይ ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ የሚጠየቅ ሆነ። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የማስተማሩ ሥራ ፍሬ አፍርቷል። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፤ ቀጥሎም በዓለማያ ተምረው በ1965 ዓ.ም. የተመረቁት ዶክተር ገቢሳ እጀታ፤ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። ኮሌጁም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከቆየ በኋላ፤ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ስሙን ያወረሰው ሐይቅ ግን በዚያን ጊዜ ደርቆ ነበር። የሐረር ከተማ ሕዝብ ይጠጣው የነበረው ውኃ፤ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ፤ ከተራቈተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ሲሞላው ኖሮ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ አለቀ። የሐይቁን መጕደል የሚያጠኑ ሊቃውንት በዩኒቨርሲቲው ነበሩ፤ ጥናታቸውም ተጽፏል። ገበሬውን መምከር ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነበረ፤ የከተማውም ውኃ እንዲሁ የሌላ። በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ወለል ላይ እንደገና ውኃ ተኝቶ ታይቷል።