ከዙላ እስከ መቅደላ በፎቶግራፍ የተነሣው መንገድ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፥ የተጫነው መድፍና ስንቅ ብቻ አልነበረም፤ ከመሐንዲሶቹ ጭፍራ ጋራ በሃምሳ አለቃ ጆን ሃሮልድ የሚመሩ ጥቂት የፎቶግራፍ ሠራተኞች ሣጥናቸውንና መድኃኒታቸውን በበቅሎ ጭነው ይከተሉ ነበር። ስለዚህ ዘመቻ ብዙ ተጽፏል፤ ዝኆኖቹ እንኳ ታሪክ ጸሐፊ አላጡም። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን በቋንቋችን እምብዛም አይነገርም። አስቀድሞ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን በአገራችን ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር፤ ኾኖም የሰሜኑ ተራራና ሸለቆ በየሰፈሩ ተነሥቶ በብዛት የቀረው በዚያ ጕዞ ነው።

ሥራው እንደ ዛሬው አልነበረም። ዛሬ መንገደኛ ከመኪናው ሳይወርድ በስልኩ ገደሉን አንሥቶ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ግን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ባወጣው ጥበብ ይሠሩ ነበርና፥ አንሺው አስቀድሞ ጥቁር ድንኳን ይተክላል፤ በጠራ መስተዋት ላይ ኮሎዲዮን የሚባለውን የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያፈሳል፤ በጨለማም ከብር በተቀመመ መድኃኒት ይነክረዋል፤ ገና ርጥብ ሳለ ወደ ሣጥኑ አግብቶ ብርሃን ያሳየዋል፤ ሳይደርቅም ወደ ድንኳኑ ሮጦ በሌላ መድኃኒት ምስሉን ያወጣዋል። መስተዋቱ ከደረቀ ድካሙ ኹሉ ከንቱ ነው። ጸሐፊ ዛሬ ቢደክመው ነገ ወደ ብራናው ይመለሳል፤ ይህ ሠራተኛ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ፋታ የለውም። ይህም የተዠመረው ለመጠጥ እንኳ የባሕሩን ውሃ በመርከብ እያፈሉ እንፋሎቱን በሚያጠሉበት በዙላ ሐሩር ነው።

ተራራውን ያነሡት ስለ ውበቱ ብቻ አይምሰለን። ከዋና ሥራቸው አንዱ መሐንዲሶቹ የነደፉትን የመንገድ ካርታ በፎቶግራፍ እያባዙ ለአዛዦች ማደል ነበር። የሰንዓፌን ገደልና የአዲግራትን ሜዳ ያየው ዐይን የወታደር ዐይን ነው፤ ውሃው የት ነው፥ መድፍ በየት ይወጣል የሚል።

መድኃኒቱ ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ይቀበል ስለ ነበረ፥ በምስሎቹ ላይ ሰማዩ ነጭ ኾኖ ወጣ፤ ደመና አይታይበትም። ደግሞም ብርሃኑን ለመቀበል ጊዜ ይፈጅ ነበርና፥ የቆመው ዐለት ጥርት ብሎ ሲታይ የሚራመደው ሰውና በቅሎ እንደ ጢስ ይደበዝዛል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱን ብታገኝ አገሩ ባዶ ነበር ብለህ አትፍረድ። ገብሱንና ገለባውን በማርያ ትሬዛ ብር ለጦሩ የሸጠው ገበሬ በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር፤ በምስል ለመቅረት ግን ቁም ተብሎ መቆም ነበረበት።

ከኹሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መንገዱ ራሱ ነው። እንግሊዞቹ ከዋድላ ወደ ጂዳ ሸለቆ የወረዱት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሰባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማሳለፍ በጠረጉት መንገድ ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ የሠሩት መንገድ ለጠላታቸው መወጣጫ ኾነ።

በአሮጌ ውጊያው ሚያዝያ 3 ቀን፥ በዕለተ ስቅለት ኾነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። በሕይወት ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፋቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሬሳቸውን ፊት በእጁ ነደፈ እንጂ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ተማርኮ እንግሊዝ አገር ከደረሰ በኋላ በዚያው ዓመት በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን እጅ ተነሣ፤ ያዘነ ፊቱን ያላየ የተማረ ሰው ጥቂት ነው።

አምባው ሚያዝያ 10 ቀን ተቃጠለ። መስተዋቶቹና ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት በአንድ መንገድ ወደ ባሕር ወረዱ፤ ከመጻሕፍቱ ከ300 የሚበልጡት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ፎቶግራፎቹም በአልበም ተጠርዘው በዚያው አገር ቀሩ። እኔ የመቅደላን ምስል በተመለከትኹ ቍጥር አስቀድሜ የምፈልገው ሰው ነው፤ ደብተራ ወይም እረኛ፥ ማንም ቢኾን። ዐለቱ ቍልጭ ብሎ ይታያል፤ በላዩ ያለው ሰማይ ነጭ ነው።