የሐረር መስጊዶች ዕድሜና የቁፋሮ ምስክርነት

የሐረር ጁገል ግንብ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን መሠራቱ የታወቀ ነው። በግንቡ ውስጥ የሚገኙት መስጊዶች ዕድሜ ግን እስካሁን ያከራክራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማይቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከ82ቱ መስጊዶች 3ቱ በ10ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ተሠሩ ገልጿል።

ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና አሕመድ ዘካርያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የቀረበው ውጤት ከዚህ ይለያል። በተመረጡ መስጊዶች በተካሄደው የሙከራ ቁፋሮ ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የቀደመ የግንባታ ማስረጃ አልተገኘም። ይህም ሱልጣን አቡበክር እ.ኤ.አ. በ1520 መንበሩን ወደ ሐረር ካዛወረበት ዘመን ጋር ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ ትውፊቱን ፈጽሞ ያፈርሳል ማለት አይደለም። ምእመናን ዘወትር በሚሰግዱበት መስጊድ የሚቆፈረው ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ ደጋግሞ የታደሰ ሕንፃም የቀድሞ መሠረቱን ሊያጣ ይችላል። በተጨማሪም በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ የ12ኛው ምዕተ ዓመት መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎችና የቻይና ሸክላ ጋር ተገኝቷል። ስለሆነም እስልምና በአካባቢው ከሐረር ግንብ እጅግ ቀድሞ መስፋፋቱ አያጠራጥርም።

እንግዲህ በሐረር ለመሥራት የሚሰማራ ወጣት ባለሙያ የአንድን ሕንፃ ዕድሜ ከሃይማኖቱ ዕድሜ ለይቶ ማየት፣ ከጉድጓዱ ያገኘውንም በልኩ መናገር ይገባዋል። ይህን ካደረገ ቤቱን የከፈቱለት ሽማግሌዎች በሌላ ጊዜም ይቀበሉታል።