ድሬዳዋ ስንገባ ያየነውና ያላየነው



ዘንድሮ ወደ ማኅበራችን ከገቡት እህቶች ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ወደ ድሬዳዋ የመጡ ናቸው። የምዝገባ ቅጹን አብረን ስንሞላ «ከተማዋን እንዴት አገኘሻት?» ብለን እንጠይቃቸዋለን። ብዙውን ጊዜ መልሳቸው ሙቀቱ ነው፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። እኛም በተራችን ስንመጣ እንዲሁ ነበርንና ለዚህ እትም ስለዚያ ጊዜ ለመጻፍ ተስማማን። «እኛ» የምንለው እናታችንንና ሦስት ልጆቿን ነው። ብዕሩን የያዘችው የማኅበሩን ሒሳብ የምትሠራው ልጅ ብትሆንም፣ ያለ እናታችን አሮጌ ደብተር ይህ ሁሉ አይታወስም ነበር።

አባታችን በአንድ ጋራዥ የብየዳ ሥራ አግኝቶ ቀድሞን ሄዷል። እኛ በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጉለሌ የነበረውን ቤታችንን አስረክበን ከለገሀር በባቡር ተሳፈርን። የጉለሌን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናታችን አራት ጋቢና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ በገመድ አስራ ይዛለች። ያ እስር ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ሳይፈታ ለዓመታት የእንግዳ መቀመጫ ሆኖ ኖረ።

በባቡሩ ውስጥ እናታችንን የገረማት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው በጉያቸው የያዙ ሴቶች መብዛታቸው ነበር። ከጎኗ ለተቀመጠችው «እህቴ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። «ዘመድማ ቢኖረኝ በባዶ እጅ እሄዳለሁ?» አለች፤ ከዚያ ማዳበሪያው ሲመለስ ምን እንደሚይዝ ቆጠረችልን፤ ልብስ፣ ጫማ፣ ሩዝ፣ ሳሙና። አዋሽ ኬላ ላይ ፈታሽ ሲወጣ ሦስት ቀሚስ ደራርቦ መልበስ እንደሚያስፈልግም ነገረችን። እናታችን በዚያ ሌሊት እነዚህን ሴቶች እንደ ሌባ ፈርታቸው ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ አደረች። የዚያ መስመር ንግድ ስንት ልጆች እንዳሳደገ፣ ስንት ቤት እንዳሠራ ያወቅነው በኋላ ነው። በማኅበራችን ውስጥ ዛሬ ሱቅ ያላቸው አንዳንድ እናቶች የመጀመሪያ መነሻቸው ያ ማዳበሪያ ነበር፤ ይህን ስንጽፍ እንደማይቀየሙን እናውቃለን።

ድሬዳዋ ደርሰን፣ አባታችን ጋሪ ፈልጎ፣ ዕቃው ተጭኖ ወደ ቤት ስንሄድ ሰዓቱ ወደ ሰባት ተጠግቷል። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በመንገዱ ላይ ከኛና ከፈረሱ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ «የማን ለቅሶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሪ ነጂው መሳቁን እስኪጨርስ መንገዱ አለቀ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ እስኪበርድ ቤት መዋል የዚህ አገር ልማድ መሆኑን ማን ነግሯት! እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች «እዚህ ሰው ሥራ አይወድም» ብለን ደመደምን። ማታ ላይ ግን ከተማው ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ፤ መብራት በራ፣ ሳምቡሳ ተጠበሰ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ሲመሽም ጎረቤቶቻችን አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ከሰማይ በታች ተኙ።

እዚህ ላይ ከተማዋ እንዴት እንደተወለደች ትንሽ እንበል፤ የደጋፊዎቻችንን ጥያቄም ይመልሳልና። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ሥራውን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ያን ተራራ መውጣት ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ እዚህ ደረሰ። ቦታውን «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘም። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ድሬዳዋ የመንገዱ መጨረሻ ነበረች። ዕቃው እዚህ ይራገፋል፣ ነጋዴው እዚህ ያድራል፣ ግመሉና በቅሎው እዚህ ይጫናል። ለአንድ ከተማ ከዚህ የሚሻል መቋቋሚያ ካፒታል የለም ብንል የሒሳብ ሰው አነጋገር ይሆንብናል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ሰውም እንዲሁ በሐዲዱ መጣ። ሶማሌውና ኦሮሞው የአካባቢው ሰው ነው። ሐረሪው ከላይ ወረደ፤ የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በባሕር በኩል መጣ፤ አማራውና ጉራጌው ከመሀል አገር። ፈረንሳዮቹ ከወንዙ በስተምዕራብ ከዚራን ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ጥላ ሠሩ፤ በስተምሥራቅ ደግሞ መጋላ በራሱ መንገድ፣ በሱቅና በመስጊድ ዙሪያ አደገ። በመካከላቸው ደቻቱ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋና የገጠር ቀበሌዎቿ ነዋሪ ከ340 ሺህ በላይ ነበር።

«አንቺ» የሚለውንም ጉዳይ ከዚህ ለይተን አናየውም። በመጣን በማግሥቱ እናታችን ቀፊራ ገበያ ወረደች፤ ልጅ የሚሆናት ቲማቲም ሻጭ «አንቺ፣ ምን ልስጥሽ?» አላት። ቲማቲሙን ጥላ ተመለሰች። ከዚያ ባለሱቁም «አንቺ»፣ ወፍጮ ቤቱም «አንቺ»፣ የቀበሌው ጸሐፊም «አንቺ»። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባታችን ሲገባ የምትነግረው ማን ማን እንደ ሰደባት ነበር። እዚህ አገር «እርስዎ» የሚባለው እንግዳ ሰው ወይም የተቀየሙት ሰው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። አማርኛ እዚህ የሁሉም የገበያ ቋንቋ ነው፤ የተማሩትም አንዱ ከሌላው፣ መንገድ ላይ፣ በችኮላ ነው። እንደሚመስለን «አንቱታ» በባቡሩ ሳይሳፈር የቀረው ለዚህ ነው። ዛሬ እናታችን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ስትሄድ አፏ አምልጧት «አንተ» እያለች ሽማግሌ ታስቀይማለች።

ቀልዱ እዚህ ያበቃል።

አባታችን የተከራየልን ክፍል ከደቻቱ ዳር ነበር። ከዚራ በኩል መቶ ብር የተባለ ክፍል እዚህ በአርባ ብር ተገኘ፤ ለአንድ የብየዳ ሠራተኛ ያ ልዩነት ብዙ ነው። እናታችን ወንዙን ስታየው አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ መኪና ይታጠብበታል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሰው ይቸረችራል። «ይሄን የመሰለ ሜዳ ባዶውን!» አለች፤ ልጆቿ የሚጫወቱበት በማግኘቷም ደስ አላት።

ከግቢው ፊት ለፊት አንዲት ሐረሪ ጎረቤት ነበሩን፤ (ፊት ለፊት «አንቺ» ብንላቸውም በጽሑፍ አንደፍርም)። በሦስተኛው ቀን ቡና ይዘው መጡና ተቀምጠው ዙሪያውን ካዩ በኋላ «አንቺ፣ ልጆችሽን እዚህ አታስተኚ። ወንዙ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው» አሏት። እናታችን የሰማችው «አንቺ» የሚለውን ብቻ ነው። ትናንት ያወቋት ሴት ስለ ልጆቿ መተኛ ሊያዟት! ቡናውን ጠጥታ አመሰገነች፤ ምክሩን ግን አልወሰደችም።

እኚህ ሴት የአፎቻ አባል ነበሩ። አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ነው፤ ሴቶቹ የራሳቸው፣ ወንዶቹም የራሳቸው አላቸው። ሰርግ ሲሆን አብረው ያበስላሉ፣ ሞት ሲሆን አብረው ይቀመጣሉ። እኛ እድርን ይዘን ስንመጣ ሌላው ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር የሌለው ይመስለን ነበር። አባታችን በሦስተኛው ዓመት ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ከአፎቻው ሴቶች አንዳንዶቹ ምግብ እየሠሩ አመጡልን፤ እኛ ግን አባል አልነበርንም፣ መዋጮም አልከፈልንም። እናታችን በደብተሯ «ከጎረቤት የተቀበልነው» ብላ እያንዳንዱን ሣህን መዝግባለች።

በአንድ ሚያዝያ ማታ ወንዙ መጣ። በከተማው ብዙ አልዘነበም፤ ድምፁ ግን ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና ጉዞ ተሰማ። ከግቢያችን አጥር ሥር ደርሶ ሲነጋ ወረደ፤ አሸዋው እንደገና አሸዋ ሆነ፣ ልጆችም ኳሳቸውን ይዘው ተመለሱ። እናታችን ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም። አባታችን ድኖ ሥራው ሲሻሻል በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ወደ ሳቢያን ሰፈር ወጣን። ለሰው የነገርነው «ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀርባል» ብለን ነው።

ክፍሉን የተረከበችን ከጭሮ በኩል የመጣች ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። መንገድ ላይ ሻይና ቡና ትሸጥ ነበር። የሽቦ አልጋችንንና ቡፌያችንን በ350 ብር ገዛችን፤ 200 ብር ሰጥታ የቀረውን በየወሩ 25 ብር ልትከፍል ተስማማች። ክፍሉ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቅ እናታችን «ነፋስ ያገኛል፣ ኪራዩም ርካሽ ነው» አለቻት። ሁለቱም እውነት ነው። ስለ ሚያዝያው ማታ አልነገረቻትም። እኛ ልጆቹም አጠገቧ ቆመናል፤ ትልቋ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። አልጋው እንዲሸጥ ፈልገን ነበር። ባለቤቱም ተተኪ ካላመጣን የቀረውን ወር ኪራይ ሊያስከፍለን ነበር።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነውን ድሬዳዋ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ውሃው በደቡብ ካሉት ተራሮች ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ሲነጋ ከሳቢያን ሮጠን ስንወርድ ግቢያችን የነበረበት ቦታ ጭቃና ግንድ ነበር። ሴትዮዋንና ትንሿን ልጅ ወንዙ ወስዷቸዋል። ትልቁ ልጅ በዚያ ሌሊት አክስቱ ቤት አድሮ ተርፏል።

ሐረሪዋ ጎረቤታችን ቤታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ስለነበር ተርፈዋል። የአፎቻው ሴቶች በእሳቸው ግቢ ተቀምጠው ዘመድ ለሌላቸው ሟቾች ሁሉ ያለቅሱ ነበር፤ ያቺ ሴትም ከመጣች አራት ወሯ ነበርና ከእነሱ ውስጥ ተቆጠረች። እናታችን መካከላቸው ገብታ ተቀመጠች። ጎረቤታችን አይተዋት ምንም አላሉም፤ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት።

ዛሬ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ቆሟል። ሆኖም ከግንቡ ወዲህም ወዲያም ርካሽ ክፍል አለ፤ ርካሽ ክፍል የሚከራየውም ምንጊዜም አዲስ የመጣ ሰው ነው፤ የወንዙን ነገር የማያውቀውም እሱ ነው።

የእናታችን ደብተር አሁንም አለ። ከ350 ብር ላይ 200፣ ሚያዝያ 25፣ ግንቦት 25፣ ሰኔ 25 ተብሎ ተቀንሷል። ቀሪ 75 ብር። በሒሳብ ሥራ የማይሰበሰብ ገንዘብ ከመዝገብ የሚወጣበት ደንብ አለ፤ አንድ ቀን እስክሪብቶ አንስተን ልንሰርዘው ስንል «ተዉት» አለችን። «እሷ አይደለችም ባለዕዳዋ» አለች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በምዝገባ ቅጹ ላይ ከቀበሌው ቀጥሎ «ቤትሽ ከደቻቱ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል መስመር ያስገባነው እኛ ነን። አንዳንድ አባላት ለምን እንደሚጠየቅ ስላልገባቸው ባዶውን ትተውታል። እባካችሁ ሙሉት፤ አዲስ እህት ይዛችሁ ስትመጡም ከመፈረሟ በፊት ክፍሏ የት እንደሆነ ሄዳችሁ እዩላት።