ምትክ

ምትክ፦ የጎደለን ሰው ቦታ የሚይዝ። በኤምኤምኤ (ድብልቅ ማርሻል አርት) ደግሞ የተመደበው ተጋጣሚ ሲጎዳ ወይም ሲታመም በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ወደ ፍልሚያው የሚገባ ተፋላሚ።

ቃሉ ሰውየው ምን ያህል ተዘጋጅቶ እንደመጣ አይነግረንም፤ በምትክ ላይ የተገኘ ድል ምን ያህል ይቆጠራል የሚለው ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አርማን ጻሩክያን ጀርባውን አሞት ከሻምፒዮኑ ኢስላም ማካቼቭ ጋር ከነበረው የሻምፒዮና ፍልሚያ በዋዜማው ወጣ። ሬናቶ ሞይካኖ ተተካ። ሞይካኖ ከቤቱ ተጠርቶ የመጣ አልነበረም፤ በዚያው ምሽት ከቤኔል ዳሪዩሽ ጋር ሊፋለም ሰልጥኖ፣ ክብደቱን ቀንሶ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፦ የተዘጋጀው ለሦስት ዙር እንጂ ለአምስት አልነበረም፣ ያጠናውም ሌላ ሰው ነው። ማካቼቭ በመጀመሪያው ዙር አንገቱን አንቆ አሸነፈው።

ማካቼቭም ቢሆን ያጠናው ጻሩክያንን ነበር። እምቢ ሳይል ቀበቶውን ይዞ መግባቱ ሊመሰገን ይገባል። አደጋው የእውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክል ቢስፒንግ በ17 ቀን ማስጠንቀቂያ ገብቶ ሉክ ሮክሆልድን በመጀመሪያው ዙር ዘርሮታል። ሆኖም ሞይካኖን ማሸነፍ ጻሩክያንን እንደማሸነፍ አይቆጠርም።

የአሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪ ነገር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አቡዳቢ ላይ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተጠርቶ የቻርልስ ኦሊቬራን ቦታ ያዘ፤ ማካቼቭ ጭንቅላቱን በእግሩ መትቶ በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። እኔ ግን በዚያው ዓመት የካቲት ፐርዝ ላይ ማካቼቭ ቮልካኖቭስኪን በአምስት ዙር በነጥብ ያሸነፈበትን አስበልጣለሁ፤ ያኔ ሁለቱም ተዘጋጅተው ነበር።